የሦስቱን ቀን ነገር ጻፊው

ከሐዋሳ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ስከታተል ቆይቻለሁ። 26 ዓመቴ ነው። ሐዋሳ ተወልጄ አደግሁ፣ ኮምፒውተር ሳይንስም እዚሁ ተማርኩ፤ አሁን ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ዴቨሎፐር ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለክሊኒኮች፣ ለሆቴሎችና ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሲስተም እንሠራለን።

አንድ ታላቃችን ‹በስምሽ የሚነበብ ነገር ይኑርሽ፤ ለወደፊት ሥራ ይጠቅምሻል› ብሎ መክሮኝ ባለፈው ዓመት የራሴን ገጽ ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። እስካሁን 11 ጽሑፍ አውጥቻለሁ፤ ሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያው) ምንድን ነው፣ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ለጀማሪዎች፣ የጥሩ ፕሮግራመር ልማዶች፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። የሚያነቡኝ ግን አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ልጆችና ታናሽ ወንድሜ ናቸው። አለቃዬ ‹የቤታችንን ሥራ አደባባይ ልታወጪው ነው?› ብሎ ፊቱን አጥቁሮብኛል። እናቴ ሌሊት መብራቴን እያየች ‹ለማን ብለሽ ነው ዓይንሽን የምትጨርሺው?› ትለኛለች። ጓደኞቼ ጊዜውን ለፍሪላንስ ወይም ለሰርተፍኬት አድርጊው ይሉኛል። ስህተት ጽፌ ሰው ፊት እንዳልዋረድም እፈራለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ክሊኒክ የአጭር መልእክት ሒሳቡ ድንገት እጥፍ ሆኖበት፣ ምክንያቱን ፍለጋ ሦስት ቀን ሙሉ ስማስን ሰነበትኩና ለጽሑፍ የሚሆን ጊዜ አጣሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? መጻፍ እውነት በሰው ሥራና ሕይወት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ?

የአቶቴዋ»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስማስን ሰነበትኩና ለጽሑፍ የሚሆን ጊዜ አጣሁ» የምትዪው ላይ። በዚያ ሳምንት መጻፍ የነበረበት ነገር እሱ ራሱ ነበር እኮ! እጅሽ ላይ ያለውን ትተሽ ሌላ ርዕስ ፍለጋ ሄድሽ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ መጻፉን አትተዪ፣ የምትጽፊውን ግን ለውጪ።

ሪአክት ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያዘጋጁት ማብራሪያ አለለት። በዚያ ላይ በጽሑፍም በቪዲዮም ስፍር ቁጥር የሌለው ትምህርት ተደርድሮለታል። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ ኋላ ቆመሽ ማንም ዞር ብሎ ባያይሽ አቅም አነሰሽ ማለት አይደለም። እንዲያውም የበለጠ የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ስትጽፊ አንቺም ምንም አልተማርሽበትም። ከሦስት ቦታ ያነበብሽውን አራተኛ ቦታ ላይ አሰፈርሽው። መሰልቸቱ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

እስቲ የክሊኒኩን ጉዳይ አብረን እንየው። ምክንያቱን ምን ሆኖ እንዳገኘሽው አልነገርሽኝም። እኔም በዚሁ በር አልፌአለሁና ግምቴን ላስቀምጥ። አንድ አጭር መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ መልእክት መሀል አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ለሁለት ይከፈላል። ክፍሎቹ ስልኩ ላይ ተመልሰው እንዲገጣጠሙ የሚረዳ ምልክትም ቦታ ስለሚወስድ ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ይቀረዋል። ሒሳቡ ታዲያ የሁለት ነው።

አሁን ክሊኒኩ እንዲህ ብሎ ይላክ እንበል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሐኪም ቀጠሮ እንዳለዎት ልናስታውስዎ እንወዳለን። እናመሰግናለን።» ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምረሽ ቁጠሪው፤ 68 ነው። ለጥቂት ተረፈ። አንድ ሰው ተነሥቶ «የክሊኒካችን ስም ይግባበት» ባለ ቀን ግን 70ን ዘለለ፣ ሒሳቡም በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት።» ቢባልስ? 22 ነው። ለስሙና ለስልክ ቁጥሩ 48 ቦታ ይተርፋል። አክብሮቱም አልጎደለም፤ «አለዎት» ራሱ አክብሮት ነው። «ውድ ደንበኛችን» እና «እናመሰግናለን» ከነነጥባቸውና ከነክፍት ቦታቸው 21 ቦታ ይበሉ ነበር።

ሐዋሳ ስለሆንሽ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለልሽ። ክሊኒኩ በሲዳምኛ የሚልክ ከሆነ፣ ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና 160 ይገባለታል። ታዲያ በሲዳምኛ አጻጻፍ ቃል ውስጥ ከላይ የምትገባው ጭረት (አፖስትሮፍ) ቀጥ ያለችዋ ከሆነች ችግር የለም። መልእክቱ በኮምፒውተር መጻፊያ ተዘጋጅቶ ሲገለበጥ ግን ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ወደ ተጠማዘዘችው ይቀይራታል። የተጠማዘዘችው ከ160ዎቹ መዝገብ ውስጥ የለችም። በአንዲት ጭረት ምክንያት መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል ማለት ነው። ስክሪን ላይ ሁለቱን ለመለየት ዓይን ይጠይቃል። ይህን የጻፈ ሰው ስንት መሥሪያ ቤት እንደሚያተርፍ አስቢው።

እንግዲህ እነዚህን አንቀጾች ስጽፍልሽ እኔም ቆም ብዬ ያረጋገጥኩት ነገር አለ። 70 የሚለውን ለዓመታት ስለው ኖሬአለሁ፤ ለምን 67 እንደሚሆን ግን ለሰው ማስረዳት ሲመጣ ነው የገባኝ። መጻፍ በመጀመሪያ የሚያደርግልሽ ይህንን ነው። ሦስት ቀን ፈልገሽ ያገኘሽው መልስ «አማርኛው ነው፣ አሳጥሩት» ብሎ ለአለቃ ለመንገር ይበቃል። ለማታውቂው ሰው ለመጻፍ ስትቀመጪ ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ ከራስሽ ይመጣል፤ ያንን ለመመለስ አራተኛውን ቀን ትጨምሪያለሽ። የሦስት ዓመት ልምድ ያለውንና የአንድን ዓመት ልምድ ሦስት ጊዜ የደገመውን ሰው የሚለየው ይህ አራተኛ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ።

«ማን ያነበዋል?» ለሚለው፦ ዲላ ወይም ባሕር ዳር፣ ምናልባትም አስመራ ያለ አንድ ሰው፣ ያው ሒሳብ እጥፍ ሆኖበት ሲጨንቀው ያነበዋል። ብዙ ሰው አይሆንም። ያ አንድ ሰው ግን ስምሽን አይረሳም። ለዚህ ጽሑፍ ቋንቋው አማርኛ ይሁን፤ ችግሩ ያለው በፊደላችን ከሚጽፉት ጋር ነው። የሲዳምኛዋን ጭረት ጉዳይ ደግሞ ሲዳምኛ አቀላጥፈሽ ከጻፍሽ በሲዳምኛ፣ ካልሆነም በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ እንደዚያች ጭረት ያለ ጣጣ ሌሎችም ቋንቋዎች ላይ አለ። ቋንቋ የምትመርጪው ችግሩ የማን እንደሆነ አይተሽ ነው። እንግሊዝኛ ትልቅ ስለሚያስመስል ብቻ አትምረጪው።

የሥራውን ነገር ልንገርሽ። የድረ ገጽ ሲስተም የሚሠራበትን ጃንጎን ታውቂዋለሽ፤ ምናልባት የክሊኒኩም ሲስተም በእሱ የተሠራ ይሆናል። ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ቢሮ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው አድሪያን ሆሎቫቲና ገና እንግሊዝ አገር ተማሪ የነበረው ሳይመን ዊሊሰን፣ ሁለቱም ስለ ሥራቸው በየራሳቸው ገጽ ይጽፉ ነበር። የተዋወቁት በዚያ ነው። አንዱ የሥራ ቦታ መኖሩን ሲጽፍ ሌላው አነበበና ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አብረው የጀመሩት ሥራ በ2005 ለዓለም ክፍት ሆነ። ዊሊሰን መጻፍ ከጀመረበት ከ2002 ጀምሮ እስካሁን አላቆመም። ይህን የምነግርሽ አንቺም እንዲሁ ይገጥምሻል ብዬ ቃል ለመግባት አይደለም። ሁለቱ በዚያ ጊዜ የሚጽፉት የዕለት ሥራቸውን፣ የገጠማቸውን ነገር እንደነበር ልብ እንድትዪልኝ ብዬ ነው።

ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። እኔ ባለሁበት መሥሪያ ቤት ሰው ስንቀጥር ኢንተርቪው ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ሲቪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያው ቋንቋ፣ ያው ሰርተፍኬት፣ «በቡድን መሥራት የሚችል»። አንድ ጊዜ ግን አንድ ልጅ ሲቪው ግርጌ ላይ አራት አጫጭር ጽሑፎች የያዘ ሊንክ አስቀምጦ መጣ። አንዷ ስለ ስም ፍለጋ ነበረች። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ፀሐይ የምትባል ታካሚ ስትፈልግ አላገኘቻትም፤ አዲስ ካርድ አወጣችላት። ታካሚዋ ግን መዝገቡ ውስጥ «ጸሀይ» ተብላ ነበረች። ልጁ ቁጭ ብሎ ቆጥሮታል፦ ጸ እና ፀ ሁለት፣ ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ስድስት፤ ያቺ አንዲት ስም በ12 ዓይነት ትጻፋለች።

ስለዚያች ጽሑፍ አርባ ደቂቃ አወራን። ደስ ያለኝ መጀመሪያ የሞከረው ነገር እንዳልሠራ መጻፉ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን ስሞች ሁሉ ወደ አንድ ፊደል መቀየር ነበር። በማግሥቱ ካርዷ ላይ ስሟ ተቀይሮ የወጣባት ሴት መጥታ ተቆጣች፤ ልክም ናት፣ ስሟ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙን ሰው እንዳስጻፈው ትቶ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ አጠገቡ ጨመረና ፊደሉን እዚያ ላይ አንድ አደረገው። ይህን ለማወቅ በኢንተርቪው አንድ ሰዓት ሙሉ ብንጠይቀው አናገኘውም ነበር። ቀጠርነው። ሲቪው ከሌሎቹ አይበልጥም ነበር።

ሥራው ግን ቶሎ አይመጣም። እኔ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ በዚያ ምክንያት አንድም ሰው ደውሎልኝ አያውቅም። ስለዚህ ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ በዚህ ወር ካጠረሽ ፍሪላንሱን አስቀድሚ፤ ምንም ጥያቄ የለውም። ሰርተፍኬቱንም ድርጅትሽ ከከፈለልሽ ተማሪው። ሁለቱም ከመጻፍ ጋር አይጣሉም።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ፊቱን ያጠቆረው ያለምክንያት አይመስለኝም። ደንበኛ እንዳይሸሸው ይፈራል። ስለዚህ ተደብቀሽ አትጻፊ። ሄደሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ የመጀመሪያዋንም ከማውጣትሽ በፊት አስነብቢው። በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ለቀጣሪሽ የጻፍሽው ኮድ የቀጣሪሽ ነው፤ እሱን ገልብጠሽ አታውጪ። አንድ መልእክት 70 ፊደል መያዙ ግን የማንም ንብረት አይደለም፤ ሐሳብና ዘዴ በቅጂ መብት አይያዝም። ምሳሌ ሲያስፈልግሽ ከባዶ አዲስ ጻፊ። የታካሚ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የስክሪን ፎቶ፣ በጭራሽ! የተሸፈነ ቢመስልሽም አይሆንም። የጤና መረጃ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ነገሩ ከይሉኝታ አልፎ ሕግ ሆኗል። የክሊኒኩንም ስም አትጥሪ። ከተማው ትንሽ ነው፤ «ፒያሳ ያለ አንድ ክሊኒክ» ማለት እንኳ ሊበዛ ይችላል።

አለቃሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም «አይሆንም» ካለ፣ ከሥራ ውጪ ባለሽ ነገር ላይ ጻፊ። የታናሽ ወንድምሽን ስልክ ስታስተካክዪ የገጠመሽም ይሆናል። ከእንጀራሽ ጋር አትጋጪ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት እዚህ ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ስለመለወጥ ጻፍኩ። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ስሠራ ያገኘሁትን ነበር የጻፍኩት፤ ወለድ የሚታሰበው በቀን ስለሆነ አንድ ቀን መሳት ገንዘብ ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 እኩል ሲካፈል ነው ብዬ በድፍረት ጻፍኩ። ከፈረንጆቹ ደንብ ወስጄ፣ ሳላረጋግጥ። ኮዱም ውስጥ ያለው ያው ነበር፤ ከተጫነ ገና ዓመት ስላልሞላው ስህተቱ የሚታይበት ቀን አልደረሰም።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ደሴ ከሚኖር ልጅ መልእክት ደረሰኝ። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ፣ በኋላ ፕሮግራም የተማረ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ያኔ ነው። እርስዎ የጻፉት ዮሐንስን ነው።» ይህችው ናት። ፊቴ ጋለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ እናቴ በጣቷ የምትቆጥረውን ነገር ነው የሳትኩት። ጽሑፉን ለማጥፋት እጄ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ትቼው ከላይ «ተሳስቼ ነበር፤ ያረመኝ አንባቢ ነው» ብዬ ጨመርኩበት፣ ኮዱንም በዚያው ሌሊት አስተካከልኩ።

ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ጠዋት ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ ከገንዘብ ያዧ ኋላ ቆምኩ። አንድ አባል የብድር ክፍያ ይዞ መጣ። ቀኑን 6፣ ወሩን 13፣ ዓመቱን 2011 ብላ አስገባች። ሲስተሙ ተቀበላት፤ ደረሰኙ እየተንኳኳ ወጣ። እሷ ምንም አልታወቃትም፤ ለእሷ ተራ ቀን ነው። የደሴው ልጅ ባይጽፍልኝ ኖሮ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላት ነበር። ከመስከረም 1 ቀን 2012 ጀምሮም ዓመቱን ሙሉ የሚለወጠው ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፍ ነበር። ዝም ብዬ ባልጽፈው ኖሮ ማንም አያርመኝም ነበር፤ ስህተቱ ግን የትም አይሄድም፣ ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ያ የደሴ ልጅ ዛሬ አበልጄ ነው። ሁለተኛ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። ሐዋሳ ሲመጣ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን፤ ቆሮሶውን እሱ ነው የሚመርጠው። «በሕይወት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? የእኔ ይኸው ነው። ሥራ አግኝቼበታለሁ፣ የተሻለ ደመወዝም አግኝቼበታለሁ። ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው ግን ለእኔ የሚከብደው ይህ ሰው ነው።

እናትሽን ስሚያቸው። ሌሊቱን ተዪው፤ ሲደክምሽ የጻፍሽውን ጠዋት ታጠፊዋለሽ፣ በማግሥቱም ለሥራ አትሆኚም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አጀንዳ አለ፣ ተራ የወረቀት አጀንዳ። ችግር ሲገጥመኝ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሞከርኩ፣ ምን ሆኖ እንደተገኘ እዚያው በእስክሪብቶ አሰፍራለሁ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ያልሠራውን ሙከራ በተለይ በዚያው ቅጽበት ጻፊው፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ መንገዱን ሰው ይረሳል፣ መጀመሪያም ያወቀው ይመስለዋል። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተቀምጬ ከአጀንዳው አንዷን እመርጣለሁ። በወር አንድ ጽሑፍ ቢወጣ ለእኔ ብዙ ነው። ምንም ያልያዝኩበት ወር ላይ አልጽፍም፤ አንቺም ቀን ለመሙላት ብለሽ አትጻፊ። የጻፍሽውን ሁሉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ለራስሽ አስቀምጪ፤ ገጽ የሚያስተናግደው ድርጅት ነገ ቢዘጋ የአንቺ ነገር አብሮ አይዘጋም።

አንባቢውንም በየቴሌግራም ግሩፑ ሊንክ እየለጠፍሽ አትፈልጊው። ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ቦታ ላይ ቆዪ፤ አንድ ቀን አንዱ «የአማርኛ መልእክት ሒሳብ ለምን በዛብኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ከልብሽ በሁለት መስመር መልሺለት፣ ሊንኩንም ከሥር አስቀምጪለት።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ የክሊኒኩን ጉዳይ ጻፊው። ከዋናው መልስ በፊት በመጀመሪያው ቀን ምን ጠርጥረሽ እንደነበር ጀምሪ፤ አቅራቢው ድርጅት ሒሳብ የጨመረ መስሎሽ ነበር? መልእክቱ ሁለት ጊዜ የሚላክ መስሎሽ ነበር? እሱን ማንበብ እፈልጋለሁ። ስትጨርሺ ላኪልኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። የማኅበራቱን ሲስተም መሞከሪያ ክፈቺና የክፍያ ቀን ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ብለሽ አስገቢበት። ዘመኑ ሉቃስ ነው። ካልተቀበለሽ ለአለቃሽ ዛሬውኑ ንገሪው፤ ሁለተኛዋን ጽሑፍሽንም አገኘሽ ማለት ነው።